ሰባተኛው ዲስክ ዝም ያለበት በጋ

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ሰባተኛው ዲስክ ዛሬ ሦስት ጊዜ ጠራኝ። ሁለቴ ሥራ ላይ፣ አንዴ አውቶቡስ ውስጥ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ስልኬን ሰረቅ አድርጋ አየችና «ምነው፣ ሰው ታመመብሽ?» አለችኝ። ዲስክ ነው ብዬ ማስረዳቱ ታከተኝ። «አይ፣ ደህና ይሆናል» አልኳት።

ደብተር ስይዝ የመጀመሪያዬ ነውና ከሥሩ ልጀምር። የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው። የሳንባው፣ የአጥንቱ፣ የጭንቅላቱ ራጅ ሁሉ ምድር ቤት ባለች ጠባብ ክፍል፣ አሥራ ሁለት ዲስኮች ላይ ተበትኖ ይቀመጣል። ከአሥራ ሁለቱ ሁለት ቢሞቱ ምንም አይጠፋም፤ የቀሩት ይሸፍኑላቸዋል። ሦስተኛው ከሞተ ግን ሁሉም አብሮ ይሄዳል። በየወሩ መጨረሻ አንድ ግልባጭ ወደ ሁለተኛው ሕንፃ እንወስዳለን። የወሩ ሥራ እስከዚያ ድረስ በእነሱ ጫንቃ ላይ ነው።

የምጠብቅባቸው ፕሮግራም የእጄ ሥራ ናት። አርባ መስመር አትሞላም። ቀለም የላት፣ ሥዕል የላት። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ቃል ስጽፍላት ለየዲስኩ አንድ መስመር ታወጣለች፦ ሙቀቱን፣ የተበላሸ ቦታውን፣ መጨረሻ ላይ «ደህና» ወይም «ታሟል»። ክፉ ስታይ ስልኬ ላይ ትጽፋለች። ኃላፊያችን ባለብዙ ቀለሙን ትልቅ መቆጣጠሪያ እንድናስገባ ይፈልጋል። ያ ነገር ለራሱ ሲል ብቻ የአሮጌውን ሰርቨር ትንፋሽ እንደሚጨርስ ስነግረው «አንቺ ደግሞ ከትንሽ ነገር ጋር ነው ፍቅርሽ» አለኝ።

ቤት ስገባ አባባ ኮቴን ገልብጠው ገበሩን ይሰፉ ነበር። አባባ የምላቸው የቀድሞ ባሌን አባት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልጃቸው ጥሎኝ ከሄደ ሁለት ዓመት አለፈ። እሱ ሲሄድ እሳቸው ቀሩ። ማንም «ይቅሩ» አላለም፤ ማንም «ይሂዱ» አላለም። በማግሥቱ ጠዋት ተነስተው ሻይ አፈሉ፣ እኔም ጠጣሁ፣ በዚያው ጸና።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ሰባት፣ አምስት ጊዜ። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁት። ዝም አለ። እራት ላይ እንደገና ጀመረ። አባባ ማንኪያቸውን አስቀምጠው «ይኼ ሰውዬ እንቅልፍ የለውም እንዴ?» አሉ። ሳቅን። ትርፍ ዲስክ ያለችኝ አንዲት ብቻ ናት፤ ገና ላልሞተ ማውጣቱ አሳሳኝ።

የካቲት 9፣ እሁድ

ልጃቸው መጣ። ሳይደውል። ድሮ የሱ የነበረው ወንበር ጫፍ ላይ፣ እንደ ቀጠሮ ጠባቂ ተቀመጠ። ሴት ልጁ አራት ወር ሆናታል፤ ሚስቱ ወደ ሥራ ልትመለስ ነው፤ ፀሐይ የሚያገኝ ክፍል አዘጋጅተዋል። አባቱ ቢመጡ ለሕፃኗም ደግ ነው፣ ለሳቸውም ደግ ነው አለ። ቀጠለና «ደግሞስ እስከ መቼ ሰው ቤት?» አለ። ሰው ቤት። እኔ ሻይ እየቀዳሁለት።

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?»

አፌ ውስጥ የነበረውን ቃል አውቀዋለሁ። ስልኬ ጮኸ፤ ሰባት ነው። «እኔማ ምን እላለሁ አባባ፣ እርስዎ ደስ እንዳለዎት» አልኩ።

ክር መርፌ ውስጥ ሲያስገቡ እንደሚያዩት አዩኝ፣ ዓይናቸውን አጥብበው። ከዚያ ለልጃቸው «እንግዲያው እሺ» አሉት።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። እንደገና። ጓዳ ገብቼ በላፕቶፔ የሥራ ቦታው ሰርቨር ውስጥ ገባሁና ዝም አሰኘሁት። ፕሮግራሟ ውስጥ ከሰባት መስመር ፊት የምትቀመጥ፣ መስመሩን የምታዘልል አንዲት ምልክት ናት። ለአንድ ቀን ብቻ። ነገ አነሳታለሁ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ጸጥታ ነው። ጠዋት አሥራ አንድ መስመር፣ ሁሉም «ደህና»።

አባባ ክሮቻቸውን በየቀለማቸው እየለዩ ቆርቆሮ ውስጥ ይደረድራሉ። እኔ ከፋርማሲው ጓሮ ባዶ ካርቶን እየለመንኩ አመጣለሁ። «ይኼ በቂ ነው» ይሉኛል። በማግሥቱ ሌላ አመጣለሁ። ሰው ቢያየኝ ላባርራቸው የቸኮልኩ ይመስለዋል።

የካቲት 16፣ እሁድ

ሄዱ።

የስፌት መኪናውን ልጃቸውና ሹፌሩ ተጋግዘው አወረዱት። ወለሉ ላይ አራት የእግር ጉድጓድ ቀርቷል። በሩ ላይ ቆመው «ትርፍ አዝራሮቹን የኮትሽ ኪስ ውስጥ አድርጌልሻለሁ» አሉኝ። እኔ ደግሞ «በደህና ይግቡ» አልኩ፣ ለእንግዳ እንደሚባለው።

የወጥ ቤቱ ቧንቧ ይንጠባጠባል። ለካ ሁልጊዜም ይንጠባጠብ ኖሯል።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ልጃቸው ሥራ ቦታ ደወለልኝ። አባቱ የሚውጡትን መድኃኒት፣ የጠዋቱ የትኛው የማታው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ነጩ ከምግብ በፊት፣ ቢጫው ከምግብ በኋላ፣ ግማሿ ለመኝታ። ሁለት ጊዜ አጻፍኩት። «እሳቸውን ብትጠይቃቸው ይነግሩሃል» አልኩት። «ጠይቄያቸው አንቺን ጠይቃት አሉኝ» አለ።

እያወራሁ ሳለ ጋሽ ነፋስ ኮሪደሩ ላይ አስቆመኝ። የዲስኮቹን ክፍል የሚያቀዘቅዙትን መኪኖች የሚጠብቅ እሱ ነው፤ እውነተኛ ስሙን ከደመወዝ ክፍል በቀር የሚያስታውሰው የለም። «ሰባተኛዋ ላይ ቀይ መብራት አያለሁ፣ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ስልኩን ሳላወርድ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አልኩት በእጄ እያሰናበትኩ። ሄደ።

ነጩ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አሁን ራሴን ተጠራጠርኩ። ልደውል ብዬ ተውኩት።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ሥራ ቦታ ሄድኩ። ጥበቃው «በዕረፍት ቀንሽ ምን አመጣሽ?» አለኝ። የረሳሁት ነገር አለ አልኩት። እውነቱን ለመናገር የረሳሁት ነገር አልነበረም፤ ቤት መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው። ቢሮዬ ውስጥ ዳቦዬን በልቼ፣ ኪቦርዱን ጠርጌ ተመለስኩ።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ሁለተኛው ዲስክ ሞተ። ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ካሥር።

ወረድኩ። የሣጥኑን በር ስከፍት ቀይ መብራቱ ሁለት ነው። ሁለተኛው፤ ደግሞ ሰባተኛው።

የሰርቨሩን መዝገብ አየሁ። ሰባት የሞተው የካቲት 18 ነው። ሰባት ቀን ሙሉ ሬሳ ይዘን ስንሠራ ነበር። ፕሮግራሟ አልተናገረችም፤ የሰባት መስመር ተዘግቶ ነበር።

ትርፏን ዲስክ ሁለተኛው ቦታ ሰካኋት። ከሌሎቹ እያነበበች ራሷን መሙላት ጀምራለች። ሁለት ከመቶ። ከእንግዲህ አንድ እንኳ መሞት የለበትም።

ምሳ አልበላሁም።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ዘጠነኛው ታሟል። የተበላሸ ቦታው ትናንት ዜሮ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት አርባ፣ ምሳ ሰዓት መቶ አሥር። ትርፏ ዲስክ ራሷን ለመሙላት እሱንም ያለ እረፍት ታነበዋለች፤ ያ ነው የሚገድለው። መሙላቱን አቆምኩ። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ዘጠነኛው በሕይወት እያለ የወሩን የራጅ ሥዕል በሙሉ ወደ ሁለተኛው ሕንፃ መቅዳት። ከዛሬ ጀምሮ የሚነሳው በቀጥታ እዚያ ይቀመጣል።

የሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሰው ሥዕል ነው።

ለኃላፊው ነገርኩት። «ለምን ቀድመን አላወቅንም?» አለ። «አሁን እሱን የምናወራበት ጊዜ የለንም» አልኩት። ይኼ እውነት ነበር። ደግሞም ጠቀመኝ።

የካቲት 28፣ አርብ

ስልሳ አራት ከመቶ። ዘጠነኛው ሲሞቀው ይዘገያል። ጋሽ ነፋስ ከየቢሮው ማራገቢያ ሰብስቦ ሣጥኑ ፊት ደረደረ፤ በካርቶን ቀዝቃዛውን አየር የሚመራ ቦይ ሠራለት። ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ወረደ። «አየሽ፣ እኔም ሐኪም ነኝ» አለ። ስለ ቀዩ መብራት አላነሳብኝም። እኔም አላነሳሁ።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ እያለሁ ሁለት ነርሶች ከበሩ ወዲያ እያወሩ ነበር። አንደኛዋ «ሴትዮዋ እኮ ሽማግሌውም ከሄዱ ወዲህ ቀልቧ የለም፤ ሰላም ስትያት ለግድግዳው ነው የምትመልሰው» አለች። እስኪወጡ ድረስ ቧንቧውን ከፍቼ ቆየሁ።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ዘጠነኛው ሞተ። ዘጠና ሰባት ከመቶ ላይ።

መጨረሻ ላይ የነበሩት የማክሰኞና የሰኞ ሥዕሎች አልደረሱም። ስልሳ አንድ ሰው።

ጋሽ ነፋስ ማራገቢያዎቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው። ክፍሉ ጭር አለ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና «ሁለት ሺህ ምናምኑን ቁጠሪ» አለኝ። እኔ ስልሳ አንዱን ነው የምቆጥረው።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ስብሰባ ነበር። ኃላፊው፣ የራጅ ሐኪሟ፣ ጋሽ ነፋስና እኔ።

የሰባትን መስመር ማን ዘጋው ተባለ። ወደ ሰርቨሩ መግቢያ ያለን ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና ሙቀቱን የሚከታተለው ጋሽ ነፋስ። መልእክቱ ለሱም ይደርሰው ነበር። ከወር በፊት ሻይ ቤት ውስጥ «ይኼ ሰባት የሚሉት ጎረምሳ እንቅልፍ ነሳኝ፣ አንድ ቀን አፉን እዘጋዋለሁ» ብሎ ሁላችንንም አስቆናል። ኃላፊው ያንን አስታወሰ።

«ክፍሉ ውስጥ በየቀኑ ትገባለህ። ቀዩን መብራት አላየኸውም?» አለው።

«አይቻለሁ» አለ ጋሽ ነፋስ።

«ለማን ተናገርክ?»

ጋሽ ነፋስ እጆቹን አየ። ወደ እኔ አልተመለከተም። ኃላፊው ጠበቀ፣ ሐኪሟም ጠበቀች። እኔ የውሃ ብርጭቆዬን አያለሁ። አንድ ሰው መስመሩን ዘግቶ መርሳቱ ያለ ነገር ነው፣ ሰው ይሳሳታል እያልኩ በልቤ አስባለሁ።

አንድ ሰው ብዬ ጻፍኩ። ይሁን።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዛሬ ሲነቅዝ በጆሮዬ ሰማሁት።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ለስልሳ አንዱ የምደውለው እኔ ነኝ አልኩ። ማንም አልተሻማኝም።

አንዱ «ሳንባዬን ጣላችሁት ማለት ነው?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። አንዲት እናት ሰደበችኝ፤ ደስ አለኝ። አንዲት ባልቴት ግን «ልጄ፣ ያን ቀን እንኳ የሚያደርሰኝ ሰው ለምኜ ነው የመጣሁት። አሁን ማንን ልለምን?» አሉኝ። አድራሻቸውን ጠየቅኳቸው። የሆስፒታሉ መኪና እንዲያመጣቸው እጠይቃለሁ፤ እምቢ ካሉ ራሴ እሄዳለሁ።

የራጅ ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። አንድ አናጢ አለ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው እባጭ ማደጉን አለማደጉን የምታውቀው የሰኞውን ሥዕል ካሁኑ ጋር አስተያይታ ነበር። ቀዶ ሕክምናው ነገ ነበር፤ ለአሥር ቀን ተላለፈ። «አሥር ቀን ምንም ላይሆን ይችላል» አለች። ቀጥላ ግን «ላይሆን ይችላል ነው ያልኩት» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም። ደክሟት ነው።

መጋቢት 5፣ አርብ

ለጋሽ ነፋስ የእገዳ ደብዳቤ ተጻፈለት። ምርመራው እስኪያልቅ ከሥራ ውጭ። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶታል።

የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ሲወጣ ደረጃው ላይ አገኘሁት። አሁን ወይም መቼም ብዬ «ጋሽ ነፋስ፣ ለምን ነግሬያታለሁ አላልክም?» አልኩት።

ሣጥኑን ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረ። «አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነዋ» አለ። ቁጣ የለበትም። የታወቀ ነገር እንደሚነግሩኝ ዓይነት ነው የተናገረው። «ጠበቅኩሽ። ስብሰባው ላይ ጠበቅኩሽ፤ ትናንትም ጠበቅኩሽ። እኔ ከተናገርኩ ሰው ከሰሰ ይባላል። አንቺ ከተናገርሽ ግን ሌላ ነው።»

ወረደ።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

እንግዲህ ልጻፈው። ይኼን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም፤ እዚህ ላይ እንኳ መዋሸቴ ምን ይባላል?

የሰባትን መስመር የዘጋሁት እኔ ነኝ። የካቲት 9፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ጓዳዬ ውስጥ ቆሜ። ነገ አነሳታለሁ ብዬ ነበር። ሰኞ ረሳሁ። ማክሰኞም ረሳሁ ልበል? አልረሳሁም። አስታውሼ «ትንሽ ትቆይ» ብያለሁ፤ ጸጥታው ጥሞኛል። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ያ እሁድ ይመጣብኝ ነበር፤ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ «እርስዎ ደስ እንዳለዎት» ያልኩበት። ጠዋት ጠዋት አሥራ አንድ መስመር እያየሁ አሥራ ሁለት ነው ብዬ አልፋለሁ። መቁጠር የማልችል ሰው አይደለሁም።

ጋሽ ነፋስ ደግሞ ነግሮኛል። በአፉ፣ በጆሮዬ።

ፕሮግራሟ ምንም አላጠፋችም። ዝም በይ ስላት ዝም አለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ያመንኳት እሷን ብቻ ነበር፤ እሷንም እኔው ነኝ አፏን ያስያዝኳት።

ለምን እንዳልተናገርኩ ሳስበው ምክንያቱ ሥራ ማጣት ብቻ አይደለም። ምድር ቤት ያቺ ክፍል ካልቀረችልኝ ጠዋት ተነስቼ የት እንደምሄድ አላውቅም። ይኼን ስጽፈው ትንሽ ነገር ይመስላል። ጋሽ ነፋስ ግን የገዛ ጥርሱን ነክሶ ደረጃውን ወረደ፤ ለእኔ ጠዋት ሲል።

ሰኞ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ነገርኩት። ቢሮው ገብቼ፣ ሳልቀመጥ። ዘጋሁት፤ ረሳሁት አልኩ፤ ከዚያ «አልረሳሁም፣ ተውኩት» ብዬ አረምኩ። ጋሽ ነፋስ ቀዩን መብራት የነገረኝን ቀን ጭምር ተናገርኩ።

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ስብሰባው ላይ አጠገቡ ተቀምጠሽ ነበር» አለ። «አዎ» አልኩ።

የጋሽ ነፋስ ደብዳቤ ዛሬውኑ ተነሳ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፤ የሰርቨሩ ክፍል ቁልፍ ተወሰደ። ከነገ ጀምሮ ላይኛው ፎቅ፣ የቀጠሮ መስኮት ላይ ነኝ፤ ቢያንስ ለስድስት ወር። ከሥራ አለመባረሬን እንደ ደግነት ቁጠሪው ተብያለሁ። እቆጥረዋለሁ።

ለጋሽ ነፋስ ደወልኩና ይቅርታ ጠየቅኩት። «ሦስቱን ቀን በደንብ ተኛሁ» አለ። ቀጥሎ ድምፁ ተለወጠና «ግን አስከፍተሽኛል» አለኝ። ይገባኛል አልኩት።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

የቀጠሮ መስኮት። ሰው፣ ሰው፣ ሰው። ድምፄ ሊዘጋ ነው። በአንድ ቀን ያወራሁት ምድር ቤት በዓመት የማወራውን ያህላል።

አናጢው መጣ፣ አዲስ ሥዕል ሊነሳ። እኔ መሆኔን አያውቅም። ለቀዶ ሕክምናው አሥር ቀኑ ለሚሞላበት ለሰኞ ቀጠርኩት። የጣቶቹ ጫፍ ቫርኒሽ ነክቶታል። «አመሰግናለሁ እህቴ» ሲለኝ አንገቴን ደፋሁ።

ጋሽ ነፋስ በምሳ ሰዓት መጥቶ ፕሮግራሟን አስተምሪኝ አለ። ትልቁ ባለቀለም መቆጣጠሪያ ሊገባ ነው፤ እሱ ግን ይቺኛዋም ጎን ለጎን ትኑር ብሎ አስፈቅዷል። ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። መጀመሪያ የጻፍኩለት «መስመሮቹን ቁጠር፤ አሥራ ሁለት መሆን አለባቸው» የሚለውን ነው።

መጋቢት 14፣ እሁድ

ልጃቸው ቤት ሄድኩ። ሁለት ጊዜ በሩን አልፌው ሄጃለሁ። የከፈተችልኝ ሚስቱ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠላት የኖርኩት ሴት፣ ፀጉሯን ያላበጠረች፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ፣ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ጫማ ያደረገች። «ግቢ፣ እሳቸው እዚያ ናቸው» አለችና ወደ ልብስ ማጠቢያዋ ተመለሰች። ልጃቸው አልነበረም።

አባባ መስኮቱ ሥር፣ ሕፃኗን ደረታቸው ላይ አስተኝተው ተቀምጠዋል። እንዳትነቃ በዓይናቸው ነው ሰላም ያሉኝ። ወፍረው ነው የጠበቅኳቸው፣ ከስተዋል፤ ወይም እኔ እያየኋቸው ስለኖርኩ አላስተዋልኩም ይሆናል።

ብዙ ነገር ላወራ ነበር ያሰብኩት። የወጣው ግን አንድ ነው።

«አባባ፣ ያን ዕለት ሲጠይቁኝ፣ እንዲቀሩ ነበር የምፈልገው።»

የሕፃኗን ጀርባ ቸብ ቸብ ያደርጋሉ። ከዚያ በሹክሹክታ «ታዲያ ምነው አላልሽኝ?» አሉ።

«እኔ ምንዎ ነኝና? ልጅዎ መጥቶ እያለ።»

«እኔ ደግሞ ወጣት ናት፣ ሽማግሌ ታቅፋ ቀረች፣ ቤቷን ልልቀቅላት አልኩ። ካርቶኑን በየቀኑ ስታመጪ ጊዜ፣ ቤቱ ጠቧታል ብዬ ቆረጥኩ።»

«ቤቱ ሰፋብኝ እንጂ» አልኩ። ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ ሕፃኗ ተንቀሳቀሰች። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ተመልሳ ተኛች።

«ያን ጊዜ አንዲት ቃል ጠብ ብታደርጊ፣ ይኼ ልጅ በገመድም አያስነሳኝም ነበር» አሉኝ። «አሁንማ ይቺን ማን ላይ ጥያት ልምጣ? እናቷን አየሻት።»

አየኋት። እውነታቸውን ነው። ለአንድ ወር ያልተናገርኩት ነገር ጊዜው አልፎበታል፤ ያለፈበትን ደግሞ ማንም ሊመልስልኝ አይችልም። ልነሳ ስል ግን እጄን ያዙ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷም አባቷም ቤት ይውላሉ፣ ያን ቀን እሳቸውን የሚፈልግ የለም አሉ። ወደ እኔ ቤት የሚያመጣቸውን አውቶቡስ ቁጥር መዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩላቸው።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

በአራት ሰዓት እመጣለሁ ብለው ነበር። አራት ተኩል ሆነ። ሩብ ጉዳይ ለአምስት ሆነ። ድሮ ቢሆን ቀርተዋል ብዬ ቁጭ እላለሁ። ደወልኩ። አንድ ፌርማታ አልፈው ወርደው በእግር እየተመለሱ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ሄጄ ተቀበልኳቸው።

ምሳ በላን። ስለ ቀጠሮ መስኮቱ፣ ስለ አናጢው ነገርኳቸው፤ ሰኞ ቀዶ ሕክምናውን አድርጎ ረቡዕ ዕለት ተቀምጦ ሾርባ ጠጥቷል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የዘጋሁትን መስመርም፣ ጋሽ ነፋስንም። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ «ጥሩ አላደረግሽም» አሉ። ቆይተው ደግሞ «መናገርሽ ጥሩ ነው» አሉ። የቀረው ከሰዓት በኋላ እሳቸው ጋዜጣ ሲያነቡ እኔ ልብስ ስተኩስ አለፈ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጫማቸውን አጥልቀው፣ ማሰሪያውን ሳያስሩ ቀና አሉ።

«እንግዲህ ልሂድ?» አሉኝ።

ልብሱ እጄ ላይ ነበር። «እርስዎ ደስ እንዳለዎት» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ፣ እንደ ልማዱ።

«አይሂዱ» አልኩ። «ዛሬ እዚሁ ይደሩ።»

«እሺ» አሉና ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።